ለዝቋላ ፖሊስ ምን ዓይነት ሽጉጥ ይገዛ?

ዝቋላ ሲባል ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የሚያስቡት በሸዋ ያለውን፥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበትን ተራራ ይሆናል። እኛ ዛሬ የምንናገርለት ዝቋላ ሌላ ነው። ይኸውም በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ወንዝ ሲወርዱ የሚገኘው፥ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነው ቆላማ ወረዳ ነው። ፀሐዩ የሚያቃጥል፥ የበጋው አቧራ ከልብስ አልፎ ከእንጀራ ላይ የሚያርፍ፥ ገደሉና ሸለቆው መኪናን አቁሞ ሰውን በእግር የሚያስኬድ አገር ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ሕግ ለማስከበር የሚሠማራ የፖሊስ ባልደረባ በወገቡ ምን ዓይነት ሽጉጥ ይታጠቅ? ጥያቄው ለመሣሪያ ዐዋቂዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ዳሩ ግን የግዥውን ወረቀት የሚያዘጋጀው፥ በጀቱን የሚደለድለው፥ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተቀመጠው ወጣት ነውና ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ሽጉጥ የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጠመንጃ ሁሉ እንዲያየው በትከሻ ይነገታል፤ ሽጉጥ ግን ተሸጉጦ ይቀመጣል፥ ሁለቱንም እጅ ለሌላ ሥራ ይተዋል። ለፖሊስ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። በገበያ ቀን በፍየል ነጋዴና በማር ሻጭ መካከል የሚዘዋወር፥ ሁለት ተጣዪዎችን የሚገላግል፥ የሰከረውን በክንዱ ደግፎ የሚወስድ፥ የከሳሽን ቃል የሚጽፍ ሰው እጁ ነፃ መሆን አለበት። ክላሽንኮቭ ያነገተ ሰው ወይ መሣሪያውን ይጠብቃል፥ ወይ ሰውን ይይዛል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ይቸግረዋል። ከዚህም በላይ የጠመንጃ ጥይት በሰው መካከል ከተተኮሰ ከታለመለት አልፎ ሩቅ ይሄዳል፤ ከበስተኋላ ማን እንደቆመ አይጠይቅም። የእንግሊዝ ፖሊሶች አብዛኞቹ ያለ ሽጉጥ እንደሚሠሩ እናውቃለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ገበሬው ለከብቱና ለደኅንነቱ ጠመንጃ በሚይዝበት ቆላ ፖሊሱን ባዶ እጁን ላኩት ብንል፥ በጽጽቃ ሰው ፊት ቆመን ለማስረዳት አንደፍርም።

በአገራችን ሽጉጥ ከመሣሪያነቱ ይልቅ የክብር ዕቃነቱ ገንኖ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበረ በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። እስከ ዛሬም ቢሆን በሠርግ ቤት ኮቱን ገለጥ አድርጎ የሽጉጡን እጀታ የሚያሳይ አጎት አይጠፋም፤ እኛም በልጅነታችን እንዲህ ያለውን አይተን አድንቀናል። ስለዚህ ምርጫ ሲመጣ ዐይን አስቀድሞ የሚሮጠው ወደሚያብረቀርቀው ነው።

ዋግ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ አለው። ዋግሹም ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ፥ አሳም በተባለው ስፍራ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተባሉት ከካሣ ምርጫ ጋር ሲገጥሙ ጦራቸው በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ድሉ ግን የካሣ ሆነ። ከመቅደላ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር ለካሣ መሣሪያ ትቶላቸው ነበር፤ ይህን ሁሉም ይናገራል። ብዙ የማይነገረው ግን ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ አብሯቸው ቆይቶ ወታደሮቻቸውን በዚያው መሣሪያ አሠልጥኖላቸው እንደነበረ ነው። መሣሪያው ብቻውን በሣጥን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የአሳም ቀን ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንግባ። የኢትዮጵያ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ የጦር መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በየዘመኑ ከነበሩት ወዳጅ መንግሥታት ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ትቶት የሄደው ቤሬታም እዚህም እዚያም ሲታይ ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ግን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ ነው። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበሉት፥ ባዶውን 730 ግራም ያህል የሚመዝን፥ በካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። መልከ መልካም አይባልም። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፥ ለመጀመሪያው ጥይት ቃታው ጠንከር ይላል፥ ስምንት ጥይትም በዛሬው ዘመን ጥቂት ነው ይሉታል።

ይሁን እንጂ ሠሪው ኒኮላይ ማካሮቭ አንዱን ብረት ለሁለትና ለሦስት ሥራ በማዋል ክፍሎቹን እጅግ አሳንሷቸዋል። መምቻውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ሞላ በታችኛው ጫፉ ካዝናውን ይዞ ያቆማል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይወላገድም። ለመወልወል ሲፈለግ ካዝናውን ማውጣት፥ በውስጡ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዐይን ማረጋገጥ፥ በቃታው ዙሪያ ያለውን ቀለበት ወደ ታች መሳብ፥ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ማንሣት ነው። መፍቻ አይፈልግም፥ የሚጠፋ ቡሎን የለውም። በፋኖስ ብርሃን፥ በአንድ ጨርቅና በጥቂት ዘይት ሥራው ያልቃል። የመሣሪያ ጠጋኝ ከሩቅ ከተማ በሚጠበቅበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላው ወገን ዛሬ በብዙ አገሮች ፖሊስ እጅ የሚታየው ግሎክ አለ። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ሲሆን ክፍሎቹ በጠቅላላው 34 ያህል ናቸው፤ 17 ጥይት ይይዛል፤ አካሉም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ አይዝግም። እዚህ ላይ ማካሮቭ ይሸነፋል። ማካሮቭ ብረት ነው፥ ብረትን ደግሞ ላብ ይበላዋል፤ በተከዜ ዳር ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የዋለ ሰው ወገቡ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ግሎክ ግን በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ በጎኑ የለውም። መጠበቂያው በቃታውና በውስጡ ስለሆነ፥ ጣቱን ከቃታ ማራቅ ያልለመደ፥ አፎት ሳይኖረው በቀበቶው ሥር የሚሸጉጥ ሰው ከያዘው አደጋው ለራሱ ጭን ነው።

የሁለቱን ጥቅምና ጉዳት እንዲህ እያነጻጸሩ መዋል ይቻላል። ለእኛ ግን ከሁሉ የከበደን የጥይቱ ነገር ነው። የማካሮቭ ጥይትም፥ ግሎክና ሌሎች ብዙ ሽጉጦች የሚጎርሱት ጥይትም ሁለቱም «ዘጠኝ ሚሊሜትር» ይባላሉ። የአንደኛው ቀፎ ርዝመቱ 18፥ የሁለተኛው 19 ሚሊሜትር ነው፤ የእርሳሱም ውፍረት በጥቂቱ ይለያያል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። እንግዲህ ከጠረጴዛው ያለው ጸሐፊ በማዘዣው ላይ «የሽጉጥ ጥይት፥ ዘጠኝ ሚሊሜትር» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፥ ሣጥኑ ተጭኖ፥ ሰቆጣ ደርሶ፥ ጽጽቃ ወርዶ፥ ሲከፈት ለአንዱም ሽጉጥ ላይሆን ነው። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ምሳውን ይበላ ይሆናል። ፖሊሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌባ ወደሚጠበቅበት መንገድ ይሄድ ይሆናል።

ስለዚህ በአንድ ጣቢያ ልዩ ልዩ ሽጉጥ መቀላቀልን አጥብቀን እንቃወማለን። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በቱርክ የተሠሩ ሽጉጦች በኮንትሮባንድ ሲገቡ በተደጋጋሚ መያዛቸው ሲነገር ነበር። «የተያዘው ለፖሊስ ይከፋፈል፥ ወጪ ይቀንሳል» የሚል ሐሳብ ከጓደኞቻችን መካከል ሲነሣ ሰምተናል። ሐሳቡ ቆጣቢ ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ ካዝና ለሌላው አይገባም፥ የአንዱ ሞላ ቢደክም ከሌላው አይወሰድም፥ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በዚያም ላይ ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዜጋውን መሣሪያህን በፈቃድ ያዝ ሲለው፥ ፖሊሱ ከኮንትሮባንድ የተለቀመ ዕቃ ታጥቆ ቢቆጣጠረው ነገሩ አያምርም።

አያያዙንም እንመልከት፤ ቸል የሚባለው እርሱ ነውና። በቆላ አገር ሽጉጥ በዘይት ቢነከር የተጠበቀ ይመስላል፤ ዘይት ሲበዛ ግን አቧራውን ይስብና እንደ ጭቃ ይጋገራል። በሥሡ ተቀብቶ መወልወል ነው የሚሻለው። ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የካዝናው ነው፤ ከንፈሩ የተጣመመ ወይም ሞላው የደከመ ካዝና ጥይቱን አስተካክሎ አያቀርብም። ካዝና ደግሞ ከሽጉጡ ጋር ሲወዳደር ዋጋው ትንሽ ነው። ሆኖም ሽጉጡን ገዝቶ ትርፍ ካዝና፥ የቆዳ አፎት፥ መወልወያና ዘይት ሳይገዙ መቅረት በሬ ገዝቶ ቀንበር እንደ መርሳት ያለ ነው። የልምምድ ጥይትስ? ጥይት ቈጥሮ በፊርማ የተረከበ ሰው ለልምምድ መተኰስን እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል። እንዲህ ሲሆን ሽጉጡን በመጀመሪያ የሚተኩሰው ልቡ በሚመታበት፥ ሰው በሚሯሯጥበት ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ማንን እንደሚያገኝ እንጃ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሕግ አስከባሪዎችን የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ሲያወጣ፥ መሣሪያ የሚይዙት ሁሉ ሠልጥነውና ተፈትነው እንዲሆን ማለቱ በከንቱ አይደለም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1911 ኮልት የተባለውን ሽጉጥ ለጦራቸው ከመምረጣቸው በፊት ባንዱ ናሙና 6,000 ጥይት ተኩሰውበታል፤ አንድ ጊዜም አልነከሰም። እኛ ይህን ያህል ይተኮስ አንልም፤ ጥይቱም ዋጋ አለው። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ጥቂት ናሙና ወደ ጽጽቃ ወርዶ፥ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት አንድ ነባርና አንድ አዲስ ባልደረባ ታጥቀውት ቢሰነብቱ፥ አቧራውን ጠጥቶ ከዚያ ቢተኮስበት፥ ከስንት ካታሎግ የበለጠ ይነግረናል።

ለጊዜው የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ማካሮቭና ጥይቱ ባለበት ወረዳ በአዲስ ሞላና በአዲስ ካዝና ታድሶ ይቀጥል፤ ማማር ለማይጠበቅበት ሥራ በቂ ነው። የግድ ይለወጥ ከተባለም ለወረዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ፥ ከነሥልጠናው፥ ከነጥይቱና ከነአፎቱ ይለወጥ እንጂ ለአለቃው አዲሱ፥ ለተራው አሮጌው አይሁን። በግዥው ቅጽ ላይም «ዓይነት፥ ብዛት፥ ዋጋ» ከሚሉት ዐምዶች ቀጥሎ አንድ ሌላ ዐምድ ይሰመር፦ «ጽጽቃ ላይ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ዐምዱ ባዶ ከሆነ ፊርማው እስከሚሞላ ይቈይ።