ስርየት አይሸጥም

ንባብ፦ ዘሌዋውያን 16፤ 17፥11፤ ዕብራውያን 10፥1-18

በዚህ ዘመን በአንዳንድ መድረኮች ላይ አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። «መሠዊያው ባዶ አይሁን፤ የአባቶችህ እርግማን እንዲሰበር መሥዋዕት አምጣ» ይባላል። መሥዋዕት ሲሉ ገንዘብ ማለታቸው ነው። መጠኑን «ነቢዩ» ይወስናል፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩም በስክሪን ይወጣል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት የወር ደመወዟን ትልካለች። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠ አባት ያንኑ አንሥቶ ይሰጣል። ነገሩ ካልተለወጠም «ያጎደልከው አለ» ይባልና እንደገና ይከፈላል።

እኛ ይህን አይተን ዝም ማለት አንችልም። የኪስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጎጂነቱ በዚያው ይቀር ነበር። ይህ ትምህርት ግን ከብሉይ ኪዳን ቃሉን ወስዶ ትርጉሙን ጥሎታል፤ በዚያም ሳያበቃ የክርስቶስን ሞት በቂ እንዳልሆነ ያደርገዋል።

በጥንት አሕዛብ ዘንድ አማልክት ይራባሉ፤ ሰውም ያበላቸዋል። በባቢሎናውያን የጊልጋሜሽ ታሪክ ውስጥ፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ መሥዋዕት ሲቀርብ፣ አማልክቱ ሽታውን ተከትለው እንደ ዝንብ ይሰበሰባሉ። ይህ አስተሳሰብ በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ባለ ውቃቢው የዶሮውን ቀለም እየመረጠ ያዝዝ ነበር፤ ዛሬ ገብስማ፣ ነገ ቀይ። ካልተሰጠ ይቆጣል፤ ቢሰጠውም የሚበርደው ለጊዜው ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችንን ወንጌል ያወጣን ከዚህ ቀንበር ነው። ታዲያ ከዶሮ ወደ ሞባይል ባንክ ከተዛወርን ምን ተለወጠ?

የእስራኤል አምላክ ግን አይራብም። በመዝሙር 50 የኮርማ ሥጋ በላተኛ እንዳልሆነ፣ የዱር አራዊትም ሁሉ የእርሱ እንደ ሆኑ ይናገራል። ዘሌዋውያን 17፥11ን ደግሞ ረጋ ብለን እናንብብ። ደሙን ለነፍስ ማስተሰረያ እንዲሆን በመሠዊያው ላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ የሚለው እግዚአብሔር ነው። ሰጪው እርሱ፣ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው። መሥዋዕት የተቆጣን አምላክ ማባበያ ጉቦ ሳይሆን፣ የተበደለው ራሱ ለበዳዩ የከፈተው መንገድ ነበር። ይህ አንድ ጥቅስ በትክክል ቢገባን ኖሮ ብዙ መድረክ ባዶውን በቀረ ነበር።

የስርየትን ቀን እንመልከት። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። ከማኅበሩ ስለ ኃጢአት የሚወሰዱት ሁለት ፍየሎች ናቸው። አንዱ ታርዶ ደሙ በስርየት መክደኛው ላይና ፊት ይረጫል። በሁለተኛው ራስ ላይ አሮን ሁለት እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ ይናዘዝና ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ለሚቃጠል መሥዋዕት ደግሞ አንድ አውራ በግ አለ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ! የሕዝቡስ ድርሻ ምን ነበር? ራሱን ማዋረድና ከሥራ ሁሉ ማረፍ። ኃጢአት በሚሰረይበት ቀን ሥራ መሥራት ክልክል ነበር።

አንዳንዶች በዘጸአት 30 «የማስተሰረያ ብር» ተጽፏል ብለው ይከራከሩናል። ተጽፏል፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሕዝቡ በሚቆጠርበት ጊዜ እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፤ ባለጠጋው እንዳይጨምር፣ ድሃውም እንዳያጎድል ታዝዟል። የሰውን ኪስ እያየ ዋጋ የሚተምን ካህን በዚያ ምዕራፍ የለም።

ድሃው ጭራሽ ባይኖረውስ? ዘሌዋውያን 5 ይመልሳል። ስለ ኃጢአቱ በግ ወይም ፍየል ማቅረብ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የእርግብ ግልገሎች ያመጣል። ያንንም ያጣ የኢፍ አንድ አሥረኛ መልካም ዱቄት ያመጣል፤ ያለ ዘይት፣ ያለ ዕጣን። ሁለት ሊትር ያህል ዱቄት ማለት ነው። እግዚአብሔር ዋጋውን ዝቅ እያደረገ ወደ ድሃው ይወርዳል፤ የዛሬዎቹ ግን ዋጋውን ከፍ እያደረጉ ድሃውን ያሳድዳሉ። ሉቃስ 2፥24ንም አንርሳ። ማርያም የመንጻትዋን ወራት ስትፈጽም የቀረበው የድሆች መሥዋዕት፣ ወፎቹ ነበሩ። የእግዚአብሔርን በግ በክንዷ የታቀፈች እናት በግ መግዣ አልነበራትም።

የዕብራውያን ጸሐፊ ይህ ሁሉ ጥላ እንደ ነበረ ሲያስረዳ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ያነሣል። የብሉይ ኪዳን ካህን በየቀኑ ቆሞ ያገለግላል። በማደሪያው ድንኳን ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገበታ አለ፣ መቅረዝ አለ፣ የመታጠቢያ ሰን አለ፤ ለካህን የሚሆን ወንበር ግን የለም። ሥራው አያልቅምና። ክርስቶስ ግን አንድ መሥዋዕት አቅርቦ ተቀመጠ። ስርየት በሆነበት ዘንድ ከእንግዲህ ስለ ኃጢአት የሚቀርብ ሌላ ነገር እንደሌለ ምዕራፍ 10፥18 በግልጽ ይናገራል። እርሱ ከተቀመጠ በኋላ «ገና ይቀራል» የሚል ሰው ማንን እያረመ ነው? የሕግ እርግማንስ ቢሆን፣ ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ እንደ ዋጀን በገላትያ 3፥13 ተጽፎ የለምን?

«እንግዲያስ መስጠት ይቅር ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይቅር። ራሱ ኦሪት የኃጢአትን መሥዋዕት ከምስጋና መሥዋዕት ይለያል። የምስጋናውን መሥዋዕት ሥጋ አቅራቢው ራሱ ይበላዋል፤ በዚያው ቀን መበላት ስላለበትም ከሌሎች ጋር መካፈሉ አይቀርም። እኛም አሥራታችንንና መባችንን የምንሰጠው ይቅር ስለተባልን ነው፤ የተከፈለልንን ዕዳ ደግመን ለመክፈል አይደለም። ኤልሳዕ ከለምጽ ከነጻው ከንዕማን እጅ ምንም ያልተቀበለው ለዚህ ይመስለናል። ግያዝ ግን ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ከብሩ ጋር ያገኘውን በ2ኛ ነገሥት 5 መጨረሻ አንብቡት።

ኃጢአት ከሰው ኪስ ገንዘብ የሚያስወጣበት ጊዜ በኦሪት አለ፤ ይህን ልንሸሽገው አይገባም። ወንድሙን የቀማ፣ አደራ የካደ፣ በሐሰት የማለ ሰው የበደል መሥዋዕት ከማቅረቡ ጋር የወሰደውን ሁሉ አንድ አምስተኛ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል። ለካህኑ የሚሆነው የተበደለው ሰውም፣ የሚቀበልለት ዘመድም ሲጠፋ ነው (ዘኍልቍ 5፥8)። እንግዲህ ወገኔ፣ ሕሊናህ ስለ ገንዘብ የሚወቅስህ ከሆነ የገፋኸውን የጎረቤትህን ድንበር፣ የካድካትን እህትህን የውርስ ድርሻ፣ ያስቀረኸውን የሠራተኛህን ደመወዝ አስብ። እነዚህ በስክሪን አይወጡም፤ አድራሻቸውን ግን ታውቀዋለህ። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 ያደረገው ይህንኑ ነው። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ ላታለላቸውም አራት እጥፍ እሰጣለሁ አለ፤ ይህንም ያለው ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንጂ እንዲገባለት አይደለም። ለጌታ ለራሱ የከፈለው አንድም ዲናር አልተጻፈም።