ፊትም አማና ነው

በሪያድ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ ዛሬ ብዙውን መንግሥታዊ ጉዳይ የሚፈጽመው ሰልፍ ይዞ ሳይሆን ስልኩን ይዞ ነው። ኢቃማ ያለው ሰው በ«ናፋዝ» ማንነቱን በፊቱ ሲያረጋግጥ፣ ሥርዓቱ በቅድሚያ በምስሉ ውስጥ ፊት መኖሩን ይለያል፤ ቀጥሎም መልኩን ወደ ቁጥሮች ለውጦ በመዝገብ ካለው ፎቶግራፍ ጋር ያመሳክራል።

ቅልጥፍናው የሚመሰገን ነው። ይሁንና የማሽን መልስ ግምት እንጂ የዓይን ምስክርነት አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ሥርዓቶች ተፈትነው ነበር። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የስሕተቱ መጠን ከ0.8 በመቶ ሳያልፍ፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ትምህርቱ አላረጀም። ስለሆነም ማሽን ፊቱን ያልለየለት ሠራተኛ እንደ አታላይ ሊቆጠር አይገባም፤ ጉዳዩን ሰው ቀርቦ የሚያይለት ሌላ በር ሊኖረው ይገባል።

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት ግን አይቀየርም። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውነት መለያ መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መመደቡ ተገቢ ነው።

ሕጉ ግን ባለቤቱ ራሱ የከፈተውን በር ሊዘጋለት አይችልም። ዐረብኛ ማንበብ የማይችል ወገን «ልርዳህ» ላለው ሁሉ ስልኩን አስረክቦ «እዚህ ላይ እይ» ሲባል ያያል፤ የማያውቀው ሰው ደውሎ «ይህን ቁጥር ምረጥ» ሲለው ይመርጣል። በዚያች ቅጽበት በስሙ የባንክ ሒሳብ ሊከፈት ወይም ውል ሊታሰር ይችላል፤ ተጠያቂነቱም ወደ እርሱ ይመጣል። እርሱ ራሱ ያልጀመረውን ጉዳይ ፈጽሞ ማጽደቅ የለበትም።

አሠሪዎችና አገልግሎት ሰጪዎችም ፊቱን ከመጠየቃቸው በፊት ለምን እንደሚፈለግ በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዱት ይገባል። ኢስላም ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል። ዛሬ ፊት የቤት በር ያህል ሆኗልና፣ ጠያቂው በፈቃድ ይጠይቅ፤ ባለቤቱም አማናውን ይጠብቅ።