ባሕር ተሻግሮ ስለ መውለድ

በከተማችን ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀመ ቤት ሁሉ የሚስት መፅነስ በታወቀ ጊዜ፣ ቀድሞ የገንፎው እህልና የአራሷ ቅቤ ይታሰብ እንዳልነበር፣ ዛሬ አስቀድሞ የሚመከረው በጎብኚ ቪዛ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ስለ መውለድ ሆኗል። ይህም የዚያ አገር ሕገ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በጸደቀው 14ኛ ማሻሻያው መሠረት፣ ከዲፕሎማት ልጆችና ከጥቂት ሌሎች በቀር በምድሪቱ የተወለደውን ሕፃን ዜጋ ሲያሰኝ በመኖሩ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ይህን መብት የጎብኚ ልጅ እንዳያገኘው ትእዛዝ ቢፈርሙም፣ ፍርድ ቤቶች ፈጥነው አግደውታል።

በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው፣ የሮማው ሻለቃ ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ መግዛቱን ሲናገር፣ ቅዱስ ጳውሎስ የእርሱ በልደት የተገኘ መሆኑን ይነግረዋል። የእኛ ዘመን ሕፃን ከሁለቱም ወገን ነው፤ እርሱ በልደት ያገኘውን ወላጆቹ በሻለቃው ዋጋ ገዝተውለታልና። ለልጇ የተሻለ ዕጣ የተመኘችን እናት የሚኮንን አንደበት የለኝም።

ነገር ግን ቪዛ ስትጠይቅ አሳብዋን የምትሰውር፣ ኋላም በአየር ጣቢያ ሆዷን በሰፊ ካፖርት የምትሸፍን እናት ምን እንደምታስይዝ ታውቅ ዘንድ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዋና አሳቡ ለልጅ ዜግነት ማስገኘት የሆነ ጉዞ ለጎብኚ ቪዛ አይበቃም፤ ለሕክምና የሚሄድም ቢሆን ሐኪሙንና የሚከፍልበትን ገንዘብ ማሳየት አለበት። በሐሰት ቃል የተገኘ ቪዛ ዕድሜ ልክ ከዚያ አገር ሊያስከለክል ይችላል፤ ልጁ ወላጆቹን ይስባል የሚባለው ተስፋም ቢሆን 21 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅን ይጠይቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፣ እነዚህ ወላጆች ፓስፖርቱን በነበረው ላይ የሚደረብ ጸጋ አድርገው መቍጠራቸው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ መንግሥት ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ የውጭውን ትቶ የአባቶቹን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ቢጫው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ሥራም ያሠራዋል፤ መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማገልገልን ግን አይሰጠውም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ያደገው ልጅ የውጭውን ካልተወ በገዛ ሰፈሩ ምርጫ ሲደረግ ጎረቤቶቹ በተሰለፉበት በር ቆሞ ሊመለከት ነው፤ ይህንንም ውል ወላጆቹ የፈረሙለት እርሱ ገና በማኅፀን ሳለ ነው። ሕጉ ጠባብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ ይሁን እንጂ ምክሩ የሚደረገው ባለው ሕግ እንጂ በተመኘነው አይደለም።

የአንድ ወዳጄ ልጅ በዚህ መንገድ ሄዳ ወለደች። ባሏ ቪዛ ተከልክሎ ስለ ቀረ፣ ምጡ ሲጀምራት «ማርያም ትማርሽ» የሚላት ሰው በአጠገቧ አልነበረም። እናቷም እዚህ ገንፎውን አገንፍታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ በእኩለ ሌሊት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል፣ መሥመሩ ተቋርጦ ኖሮ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገመችው።