ሊብሬው የማይነግረን ዐይብ



ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳንርቅ ተግባረ እድን እናገኛለን። ወጣቶቻችን ሞተር መፍታትና መግጠም ሲማሩ የኖሩበት ቦታ ነው። ወደ ልደታ ስንዘልቅ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ግቢ እናገኛለን። «ውል ፈረሰብኝ፣ ተታለልኩ» የሚል ሰው ደጅ የሚጠናበት ቦታ ነው። የዛሬው ርእሳችን ከሁለቱም ጋር ይያያዛል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ወደ ባለሙያ ካልሄደ፣ ከቆጠረ በኋላ ወደ ዳኛ የሚሄድበት ቀን ሊመጣ ይችላልና።

ለብዙ ቤተሰቦቻችን መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ጂዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት በዓመታት ላብ ያጠራቀመችው ገንዘብ ናት። እናት ዕቁብ ጥላ፣ አባት የጡረታ ገንዘቡን ጨምሮ፣ ወንድም ሾፌር ሆኖ ቤቱን እንዲያስተዳድርባት የምትገዛ የእንጀራ ገመድ ናት። ይህች መኪና ተጋጭታ የተለጣጠፈች ሆና ከተገኘች የሚከስረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ከገንዘቡም በላይ ውስጧ የሚቀመጡት ልጆች ሕይወት አለ።

በሌላው አገር ወረቀቱ ይናገራል

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ታይትል» የሚሉት የመኪና ባለቤትነት ወረቀት አለ። አንድ መኪና ክፉኛ ሲጋጭ ወይም ጎርፍ ሲውጠው፣ የማሠሪያው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ከተቀራረበ የኢንሹራንስ ኩባንያው እንደ ጠፋ ቆጥሮ ለባለቤቱ ዋጋውን ይከፍላል። መኪናው ግን አይጣልም፤ በጨረታ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ በታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ምልክት ይሰፍራል። ተጠግኖና ተመርምሮ ወደ መንገድ ሲመለስ ደግሞ «ሪቢልት»፣ ማለትም እንደገና የተሠራ ይባላል። በጎርፍ ለተጎዳውም ብዙ ግዛቶች የራሱን ምልክት ያደርጉለታል። ገዢው ይህን አይቶ በርካሽ ይገዛል፤ ካልፈለገም ትቶት ይሄዳል።

ይሁን እንጂ እዚያም አታላይ አይጠፋም። የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ ምልክት ያለበትን መኪና ወደ ሌላ ግዛት ወስዶ ንጹሕ ወረቀት የሚያወጣ አለ። ይህን ሥራ «ታይትል ማጠብ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊየንስንና አካባቢዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ውኃ ገብቷቸው ነበር። ከነዚያም መካከል ታጥበውና ተወልውለው፣ ምንም እንዳልነካቸው ሆነው ለገበያ የቀረቡ ነበሩ። ሆኖም 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አስገብቶ የመኪናውን ታሪክ መጠየቅ የሚቻልበት አገር አቀፍ መዝገብ ስላላቸው ገዢው ፈጽሞ ጨለማ ውስጥ አይደለም። በጃፓንም የጨረታ ድርጅቶች መኪናውን መርምረው የደረጃ ወረቀት ያወጡለታል። በአደጋ ተጎድቶ የተጠገነው «አር» በሚል ፊደል ይለያል።

እነዚህ መኪኖች ወደ ውጭ አገርም ይሸጣሉ። ባሕር ሲሻገሩ ግን ምልክቱ ከወረቀቱ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል።

የእኛ ሊብሬ

ሊብሬ ስንገልጥ የባለቤቱን ስም፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዘመን እናነባለን። መኪናው የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ምን እንደደረሰበት ግን አይነግረንም። የሰነዶች ማረጋገጫም ውላችንን ሲያረጋግጥ የተዋዋዮቹን ማንነትና የባለቤትነቱን ማስረጃ ነው የሚያየው እንጂ ኮፈን ከፍቶ አይመረምርም። ቦሎ ለመለጠፍ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን በዚያን ቀን ፍሬኑና መብራቱ መሥራቱን ያያል እንጂ መኪናዋ ከሦስት ዓመት በፊት ገደል ገብታ እንደነበር አይመሰክርም።

የእኛም ኢንሹራንሶች በአደጋ የተጎዱ መኪኖችን በጋዜጣ አስነግረው በጨረታ ይሸጣሉ። ይህ ግልጽ ሽያጭ ነው፤ ጉዳቱ እየታየ ስለሚሸጥ ነውር የለበትም። እንዲህ ያለችውን መኪና ገዝቶ፣ አሠርቶ መሸጥም ሐላል ሥራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛው ሰው ለሦስተኛው ሲሸጥ «ጭረት እንኳ የማታውቅ፣ አንድ ሰው ብቻ የነዳት» ያለ ጊዜ ነው። በአገራችን በታይትል ላይ የሚታተመው ያ ምልክት የሚገኘው በሻጩ አንደበት ላይ ብቻ ነው። ሻጩ ዝም ካለ ወረቀቱም ዝም ይላል።

የገበያው ሁኔታም ለዚህ አመቺ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ፣ ዋጋቸውም እየናረ ሄደ። መኪና ሲወደድ ደግሞ ድሮ ለመለዋወጫ ይፈታ የነበረው ስብርባሪ ሁሉ መጠገኑ የሚያዋጣ ይሆናል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

«በደንብ ከተሠራች ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። የመኪና የፊትና የኋላ አካል ሆን ተብሎ በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ ተደርጎ ይሠራል። እየተጨማደደ የግጭቱን ኃይል ይውጣል፤ ውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል። አንድ ጊዜ የተጨማደደ ብረት በእሳት ተሞቆ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ ስቱኮ ተሞልቶና ተቀብቶ ሲቀርብ ዓይን አይለየውም፤ ጥንካሬው ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ኤርባግም አንድ ጊዜ ከፈነዳ በአዲስ መተካት አለበት። ውድ ስለሆነ ባዶውን ቦታ በክዳን ሸፍኖ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ መሸጥ የታወቀ ማታለያ ነው።

ጎርፍ የገባባት መኪና ችግሯ ቀስ ብሎ ይመጣል። በሽቦዎቿ መጋጠሚያዎች ውስጥ የቀረው እርጥበት ለወራት እየዛገ ይቆይና አንድ ቀን መሪዋ ወይም መብራቷ በመንገድ ላይ ይከዳል። አሁን እየበዙ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዘንድ ነገሩ ይብሳል። ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ነው። ከሥር የተመታ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ከቀናት በኋላ እንኳ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲቀየር ቢፈለግም ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

ጡቷ የታሰረው በግ

እስልምናችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው አለ። ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ሰውየው የተወቀሰው እህሉ በመርጠቡ ሳይሆን እርጥቡን ከደረቁ ሥር በመደበቁ ነው። አዲስ ቀለም ከዝገት በላይ ሲቀባም ነገሩ ይኸው ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልንና በግን ለመሸጥ ሲሉ ጡታቸውን አስሮ ወተት ማጠራቀምን ከልክለዋል። ገዢው ጡቷ ተወጥሮ ያያል፤ ወተታም መስላው ይገዛል፤ ሲያልባት ግን ሌላ ትሆናለች። ለተታለለው ገዢ አስቀርቶ የመያዝ ወይም የመመለስ ምርጫ ሰጥተውታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ከ240,000 ወደ 80,000 መልሶ መኪና የሚሸጥ ሰው ያችኑ የበግ ጡት ነው ያሰረው።

ፉቀሃዎች ይህን መብት «ኺያሩል ዐይብ» ይሉታል። ከውሉ በፊት የነበረ፣ ገዢው ያላወቀው፣ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት ሲገኝ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የመቀበል ምርጫ አለው ማለት ነው።

«እኔ ግን እንዳለች ነው የሸጥኳት፤ ለምንም ኃላፊ አይደለሁም ብያለሁ» የሚልስ? በኢማም ማሊክ ሙወጣእ እንደተዘገበው ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ባርነት በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ባሪያ ከዐይብ ኃላፊነት ነጻ ነኝ በሚል ውል በ800 ድርሃም ሸጡ። ገዢው በሽታ አለበት ብሎ ወደ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ከሰሰ። ዑስማንም ኢብን ዑመር ሲሸጡ በሽታውን የማያውቁ እንደነበር እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብን ዑመር መማሉን ትተው ባሪያውን መለሱ፤ እርሱም ድኖ በኋላ በ1,500 ድርሃም ተሸጠ። ዑለማዎች በዚህ ውል ዝርዝር ላይ ቢለያዩም የሚያውቁትን ዐይብ መደበቅ ወንጀል መሆኑ ላይ ግን አይለያዩም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግግበት ክፍል ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይናገራል። ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው የውል ቃል አያድነውም። ሆኖም ገዢውም ዕቃውን የመመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። በግልጽ የሚታየውን ሳያይ የገዛ ሰው በኋላ ብዙ የሚከራከርበት አይኖረውም።

ከመግዛታችን በፊት

አንደኛ፣ መኪናውን ሻጩ ወይም ደላላው ወዳመጣልን መካኒክ ሳይሆን እኛ ወደመረጥነው እንውሰድ። መካኒኩ ብቻ ሳይሆን የላሜራ ሠራተኛም ይየው። ሞተር የሚያውቅ ሁሉ አካል አያውቅም። የኤሌክትሪክ ከሆነም ባትሪውን በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ እንፈልግ።

ሁለተኛ፣ በቀን ብርሃን እንይ። የበሮቹና የኮፈኑ ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ነውን? የፓራፋንጎው ብሎኖች የመፍቻ ጠባሳ አላቸውን? ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን በብረቱ ላይ ብናስኬድ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይዝም። የመስታወቶቹ ጽሑፍ ካልተመሳሰለ ለምን እንደተቀየሩ እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራም፣ በርቶ ከቀረም ጥርጣሬ አለ።

አራተኛ፣ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው እንሳበው። የጭቃ መስመር ካለበት፣ ከወንበሮቹ ሥር ያሉት ብሎኖች ከዛጉ፣ መኪናዋም የሻገተ ሽታ ወይም ያንን ለመሸፈን የበዛ ሽቶ ካላት ውኃ ገብቶባት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ እናስተያይ። የተፋቀ ወይም የተበየደ ቁጥር ካየን ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ትተን እንሂድ።

ስድስተኛ፣ ሻጩን በምስክር ፊት «ተጋጭታ ታውቃለች ወይ? ተገልብጣ፣ ውኃ ገብቶባት ታውቃለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይከብደውም። «ወላሂ» ማለትን ግን እንደ ዋስትና አንቁጠር። መሐላ ዕቃ እንደሚያሸጥ፣ በረካን ግን እንደሚያጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ደላላ «ሌላ ገዢ ብር ይዞ እየመጣ ነው» ሲልም አንቸኩል። የማይገዛ ሰው አቁሞ ዋጋ ማስጨመር «ነጅሽ» የተባለው ክልክል ሥራ ነው።

ለሻጮችና ለባለ ጋራዦች

ወንድሞቼ! ዐይብ ተናግሮ መሸጥ ማለት መክሰር ማለት አይደለም። የተጋጨች መኪና ዋጋዋን አግኝታ ትሸጣለች፤ ገዢውም ያለባትን አውቆ ይጠነቀቅላታል። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ እንደሚኖረው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሸሪካቸው የአንዱን ጨርቅ ዐይብ ሳይነግር መሸጡን ባወቁ ጊዜ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ባለመታወቁ የተሸጠውን ዕቃ ዋጋ በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት በታሪካቸው ተወስቷል። እኛ ግን የገዢውን ስልክ ቁጥር ይዘናል፤ ደውለን ልንነግረው እንችላለን።

የጋራዥ ባለሙያም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። መጠገን ሙያ ነው፤ ኪሎ ሜትር መመለስና የኤርባግ መብራት ማጥፋት ግን ለአታላይ መሣሪያ ማቀበል ነው። በወንጀልና በወሰን ማለፍ እንዳንረዳዳ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አዟል።

ስለዚህ ሊብሬው የማይናገረውን እኛ እንናገር። ከጂዳ የተላከው የእህታችን ላብ በማን እጅ እንደገባና በምን እንደተመለሰላት የሚጠየቅበት ቀን አለ፤ በዚያን ቀን ቀለምም ስቱኮም የሚሸፍነው ነገር አይኖርም።

አላህ ሐላል ሪዝቅ የሚሹ፣ በአማናቸውም የሚጸኑ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።