ለምትማር እናት ልጇን ማን ይያዝላት?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ሐምሌ ክፉ ወር ነው። የመኸሩ ገብስ ገና አረም ላይ ነው፤ የዓምናው እህል ከጎተራ ሊሟጠጥ ደርሷል፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆች ሁሉ ቤት ይውላሉ። የክረምት ትምህርት የሚባለው የሚከፈተው በዚሁ ወር ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል የሚነሱ መምህራን ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ስንቃቸውን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዙት ዝናቡና ጭጋጉ መንገዱን በያዘበት ሰሞን ነው። ከዓለም ከተማ የምትነሳዋ መምህርት ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዳና ወጥታ በስንት ዙሪያ ትደርሳለች። ለወንዱ መምህር ችግሩ የመንገድና የገንዘብ ነው። ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ መምህርት ግን ሌላ ይጨመርበታል። በጋውን ሙሉ ልጇን የሚያውልላት ትምህርት ቤት፣ እሷ ራሷ ልትማር በተነሳችበት ወር ይዘጋል።

ይህን መርሐ ግብር ያወጡ ሰዎች ክፋት አስበው አይመስለኝም። መምህሩ በበጋ ያስተምር፣ በክረምት ይማር የሚል ቀና ሐሳብ ነው፤ ብዙዎችንም ለዲግሪ አብቅቷል። ሲወጣ የታሰበው ግን ሚስት ያለችው መምህር ነው። እሱ ሁለት ወር ቢጠፋ ቤቱ አይጎድልም፤ ልጆቹን የምታበላ፣ አረሙን የምታስነቅል፣ በሬውን የምትጠብቅ አለች። እሷስ? የሷን ቤት ማን ይዞላት ትሂድ?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አያት ናት። በመንዝ ሱፍ እየፈተለች የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያት ባትኖር ኖሮ ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው ከምናያቸው ሴቶች ብዙዎቹ ሰርተፊኬታቸውን ባላገኙ ነበር። ይህን ውለታ ማንም አይጽፈውም። ግን አያትም ትደክማለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። አያት የሌላት ወይም ልጇ ከጡት ያልወጣላት እናት ልጇን አዝላ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። እዚያ የመጀመሪያው ፈተና ቤት መከራየት ነው። «ልጅ ካለሽ አይሆንም» የሚል አከራይ ብዙ ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ውኃ ይበዛል፣ ግቢ ይቆሽሻል ይባላል። ብታገኝም አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ከአገር ቤት የመጣ በሶ፣ ልጁን እንድትጠብቅ ከገጠር የመጣች፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች የዘመድ ልጅ። ይህችኛዋን ልብ በሉልኝ። አንዷ እናት እንድትማር ሌላዋ በልጅነቷ ሞግዚት የምትሆንበት ዝግጅት መፍትሔ ሊባል አይገባም።

ልጁን ለአያት ትታ የመጣችውም አልተገላገለችም። ከጡት ያልወጣ ልጅ ትታ የመጣች ተማሪ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን ሲያርሰው ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። መምህሩ አያይም፤ ቢያይም የሚለው ነገር የለውም። ለዚህ ነገር የትምህርት ተቋሙ ደንብ የለውማ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ነገር ደግሞ እንይ። ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር ከየአካባቢው 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ በእግራቸው ቤት ለቤት የዞሩት እነሱ ናቸው። ሲቀጠሩ ልጃገረዶች የነበሩት ከዓመታት በኋላ እናቶች ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ፈት ወይም ባል የሞተባቸው ናቸው። የሙያ ደረጃቸውን ወደ ደረጃ አራት ለማሳደግ ወደ ኮሌጅ ሲጠሩ አንዲት እናት ከቤቷ የምትርቀው ለሁለት ወር ብቻ አይደለም። ሌሎች እናቶች ልጃቸውን እንዴት እንደሚያጠቡ ስታስተምር የኖረች ሴት የራሷን ልጅ ጥላ እንድትመጣ ማድረግ ነውር ነው። ከዚህ የቀለለ ቃል አላገኘሁለትም።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከ1995 ወዲህ በአማራ ክልል በተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልም የሚስትም ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ፍቺ ሲመጣ ሴቷ ድርሻዋን ይዛ መውጣት መቻሏ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በአገራችን ልማድ ሴት እርፍ ስለማትጨብጥ መሬቷን ለሌላ ሰው የእኩል ትሰጣለች። የምትማርበት ገንዘብ እንግዲህ የግማሽ መሬት ግማሽ ምርት ነው፤ ውርጭ ካልመታው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አባት ለልጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ፍርድ ቤቱም ይወስንላታል። አባትየው አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሄዶ አድራሻው ከጠፋ ግን ውሳኔው ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ እሷም የትምህርቱን ክፍያና የልጁን ጫማ ከአንድ ኪስ ታወጣለች።

ከነዚህ ሁሉ በታች ያለችው ደግሞ ገና ኮሌጅ ያልደረሰችው ናት። ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ተድራ ወጥታ፣ ወልዳ፣ ፈታ፣ ቀን ጠላ ሸጣ ማታ የምትማረው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፈተው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀን ሙሉ መማር የቻለው ልጅ ባላለፈበት ፈተና የማታ ተማሪዋ እናት ማለፏ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም። የ2014ቱ ተፈታኞች ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ስርቆትን ለመከላከል ነው፤ ምክንያቱን እረዳለሁ። የሚጠባ ልጅ ላላት ተፈታኝ ግን ግቢ ገብቶ ማደር ማለት ከልጇና ከፈተናዋ አንዱን መምረጥ ነው።

በሰኔ 2011 መቱ ላይ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በወለደች በ30 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ፈተናዋን መውሰዷን የዓለም መገናኛ ብዙኃን ሁሉ ዘገቡት። ፎቶዋ ዞረ፣ «ጀግና» ተባለች። ጀግናም ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ከጭብጨባው በኋላ የሚሆነው ነው። እናት ተማሪን ማድነቅ ለምደናል፤ የምታጠባበት ክፍል መሥራት ግን አልለመድንም። በኛ አገር፣ ታንዛንያ እስከ 2014 እንዳደረገችው፣ የወለደች ልጅ ትምህርት ቤት አትመለስ የሚል እገዳ የለም። በሩን ማንም አልዘጋባትም፤ ልጇን ይዛ የምትገባበት መንገድ ግን አልተሠራላትም።

ጦርነት ይህን ሁሉ አባብሶታል። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ መሐል ሜዳና ሞላሌ ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር የርቀት ትምህርትም ተስፋ አልሆነም። ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች፣ ሚስቶቻቸውን ያጡ ወንዶችም በዝተዋል። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ተማሪ ቁጥር ከዚህ በኋላ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መንግሥት ይህን ጉዳይ አያውቀውም ማለት አይቻልም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ ሠራተኛ የ120 ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም እናቶች ልጃቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሥራ የጀመረ የፌዴራል ተቋም ነው። ስለዚህ እዚያው ግቢ የምትሠራ ጸሐፊ ይህ መብት ተሰጥቷት ነበር። በዚያው ግቢ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትማረው እናት ግን ሠራተኛ ስላልሆነች አዋጁ አላወቃትም። ልጆቻቸው እኩያ ቢሆኑም አንዱ ማቆያ ይገባዋል፣ ሌላው አይገባውም። ይህን ልዩነት ለማስቀረት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት በአንድ ስብሰባ ሊወስነው ይችላል።

በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ። ግን የመምህራን ኮሌጆች የቅድመ መደበኛ መምህራንን እያሰለጠኑ አይደለም? ሰልጣኞቹ ለልምምድ ሕፃናት ይፈልጋሉ። ከጡት የወጡት የክረምት ተማሪዎች ልጆች ያለ ቅድመ መደበኛ (ኦ) ክፍል የሚከርሙት በዚያው ወር ነው። አንድ አሮጌ የመማሪያ ክፍል ተጠርጎ፣ ምንጣፍና ምድጃ ገብቶበት፣ ሁለት ሞግዚት ተቀጥረው፣ ሰልጣኞቹ በተራ ቢገቡበት ሥራው ይጀመራል። ለሚያጠቡት ደግሞ ከማደሪያው አንድ ፎቅ ከነልጆቻቸው ይለቀቅላቸው።

ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ ለመምህራን ኮሌጁና ለጤና ሳይንስ ኮሌጁ ኃላፊዎች የምለው ይህን ነው፦ የሚመጣው ሐምሌ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ቅጹ ላይ «ይዘሽው የምትመጪው ልጅ አለሽ ወይ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። አለኝ የሚሉትን ቁጠሩ፤ በቁጥራቸውም ልክ ክፍል አዘጋጁላቸው።