ለቆመው ውሀ መውጫ ይበጅለት

ረኀብ የሚመጣው ዝናም ሲቀር ብቻ አይደለም፤ የዘነመው ውሀ መሄጃ ሲያጣም ጐተራው ባዶ ይቀራል።

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሀ ማለት ከሆነው ቃል ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች በረግረጉ አጠገብ ሰፈራቸውን ሲተክሉ፣ ሜዳው ለሐዲድ መመቸቱ ታየ እንጂ ውሀው በየት እንደሚወጣ በሚገባ አልታሰበም። የሜዳው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጊዜ ከጠገበም ውሀውን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። መውጫውን አስቀድሞ ያላበጀ ሰፈር ዕዳውን ለብዙ ዘመን ይከፍላል።

ይኸው ዓይነት አፈር በኢትዮጵያ ደጋ መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮትቻ እየተባለ ይጠራል፤ ስፋቱም በመላው አገር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይገመታል። በሐምሌ የተዘራው እህል ሥሩ በውሀ ታፍኖ ቡቃያው ቢጫ ስለሚሆን፣ ገበሬው ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅና በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። በዚህ መካከል ዋናው ዝናም በባዶው መሬት ላይ ወርዶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

መድኀኒቱ ግን ከዚያው ከአገሩ ተገኝቷል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው መደብና ቦይ በእጃቸው ሲያወጡ ኖረዋል። በ1980ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪቃ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማእከል ከኢትዮጵያ የእርሻ መሥሪያ ቤቶች ጋራ ሆኖ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በአንድ ጥማድ በሬ የሚጐተት መሣሪያ አሰናዳ፤ ይህም 80 ሳንቲሜትር ያህል መደብና 40 ሳንቲሜትር ያህል ቦይ ያወጣል። በእንዲህ ያለው መደብ ላይ ስንዴ ክረምቱ ሳይጠና ይዘራል። ማእከሉም በ1994 ከናይሮቢው የከብት በሽታ ምርምር ተቋም ጋራ ተዋሕዶ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬ በናይሮቢ ይገኛል።

ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሀ የሚወርደው በጎረቤት ማሳ ነው፤ ባለማሳዎቹ ካልተስማሙ ቦዩ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው ጠብ ይሆናል። ያለ ልክ ከለቀቁትም መሬቱን ሸርሽሮ ገደል ያደርገዋል። ስለዚህ ውሀውን እስከ ወንዝ የሚያደርሰውን የጋራ ቦይ ማስቀየስና ማስጠበቅ የአስተዳዳሪው ግዴታ ነው። ነጋዴውም ዘሩንና ማዳበሪያውን መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ በግንቦት ቢያደርስ ከገበሬው ጋራ ይጠቀማል፤ በነሐሴ የደረሰ ጆንያ ግን ለሁለቱም ኪሳራ ነው።

ውሀ የሰውን ክርክር ቆሞ አይጠብቅም። ክርክሩ በበጋ ይለቅ፤ ክረምት ሳይገባም ቦዩ ይቈፈር።