ጤነኛውን ጥርስ ከመንቀላችሁ በፊት

በጥርስ ክሊኒኮቻችን እየለመድነው የመጣ አንድ ነገር ልቤን ያስጨንቀዋል። ሰው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ይመጣል፤ ራጅ ይነሣል፣ ጥርሱ ይንኳኳል፣ ድዱ ይፈተሻል፣ ሁሉም ደኅና ነው። ሰውየው ግን በእውነት እየተሠቃየ ነውና፣ እኛም ሳንነካው መሸኘቱን እናፍርበታለንና ነርቩን እንገድላለን። ሕመሙ ጥቂት ጋብ ብሎ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ሲሻገር እኛም ተከትለነው እንሻገራለን፤ በመጨረሻም ገንዘቡ ያለቀ፣ ድዱ ባዶ የቀረ፣ ሕመሙ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ያልጎደለለት ሰው በእጃችን ይቀራል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ከእኛ በፊት ታይቷል። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ የትሬንተንን የአእምሮ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ የመራው ዶክተር ሄንሪ ኮተን የአእምሮ ሕመም ምንጩ በሰውነት ውስጥ የተደበቀ መግል ነው ብሎ አመነ። ከጥርስ ጀመረ፤ ጥርስ ነቅሎ ለውጥ ሲያጣ ወደ ቶንሲል፣ ከዚያም ትልቁን አንጀት እስከ መቁረጥ ደረሰ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ለክፋት ያደረገው አይመስለኝም፣ የገዛ ልጆቹን ጥርስ ሳይቀር አስነቅሏልና። ሕመምተኛው ከሚነግረው ይልቅ እጁ የለመደውን አመነ፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፣ እጃችን የለመደው መንቀል ነውና።

ነፍስ የተጨነቀችበት ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀመጠው በእኛ ወንበር ላይ ነው። ማንም የማያሸተውን የአፍ ጠረን ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ የኖረ አለ፤ የላይኛው ፊት ጥርሶቿ በጀርባቸው በኩል በአሲድ የሟሙ፣ በስውር እያስመለሰች የምትኖር ወጣት አለች፤ መርፌ ባየ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ፊቱ እስኪያብጥ ድረስ ከደጃችን የሚቀር አለ። ለዚህ ለመጨረሻው ማስታገሻ ሰጥተን የአንድ ቀን ሥራችንን እንፈጽም ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ከፍርሃቱ ጋር ቀስ በቀስ የሚያለማምደው፣ ሐሳቡንም የሚያቃናለት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው።

ምክንያቱን ያጣንለትን ሁሉ የመንፈስ ጭንቀት ነው ብለን እንገላገል ማለቴ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ጥርስ ከራጅ ይሰወራል፣ ፊት ሲታጠቡ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመምም የነርቭ ሐኪም ይሻል። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ሲያበቃ ግን ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ የምንልክበት ሪፈር እንዴት እንደሚጻፍ እንወቅበት። በአገራችን የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም ብቻ ሲነሣ አብደሃል እንደተባለ ቆጥሮ አንገቱን የሚደፋ ብዙ ነው፤ ወረቀት አስይዘን ከገፋነው ወደተላከበት አይደርስም፣ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ የሚነቅልለትን ይፈልጋል። ተቀምጣችሁ በእርጋታ ንገሩት፦ «ሕመምዎ እውነተኛ ነው፤ ጥርስዎን ብነቅለው ግን አይለቅዎትም፤ ይህን ሕመም የሚያውቅ ባለሙያ አብሮን ይይዎት፣ እኔም መከታተሌን አልተውም።» የእናንተንም ቀጠሮ በዚያው ሰዓት ጻፉለት፤ የተጣለ የሚመስለው ቀጠሮው ሲቀር ነው።

እንግዲህ የሳምንቱን መዝገባችሁን ግለጡ። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንዲነቀል የተጻፈ ጥርስ ካለ ገና በቦታው ነው፤ መንቀሉን አቆዩት፣ ባለቤቱን ግን ጥሩትና አነጋግሩት።